የቡና ገለፈትና ድንጋይ ከሰል የቀለጠ ብረት ውስጥ ብንከት ሃይድሮጂን እናገኛለን?

የምድጃ_ልጅ

ሰላም ለቤቱ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዱከም አካባቢ አንድ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ኢንዳክሽን ፈርነስ (በኤሌክትሪክ ብረት የሚያቀልጥ ምድጃ) ላይ ነው የምሠራው። ስክራፕ (ቁርጥራጭ ብረት) እናቀልጣለን፣ ቢሌት (ረጅም የብረት ብሎክ) እናፈሳለን። ጎናችን ያለው ሮሊንግ (ብረት መዳመጫ) ቢሌቱን መልሶ ያሞቅና ፌሮ ያደርገዋል። ማሞቂያው የሚነደው በከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው። ዋጋው ሲነሳ የአለቆቻችን ፊት ከናፍጣው ይብሳል።

አጎቴ ደግሞ ጅማ ዞን የጀንፈል ቡና መቀሸሪያ አለው። ገለፈቱ ግቢው ውስጥ ይከመራል። ዝናብ ሲመታው ይሸታል። በጋ ላይ ያቃጥሉታል፣ ጭሱ ጎረቤቱን ያስለቅሳል። እዚያው ዞን ዴልቢ አለ፣ ድንጋይ ከሰል ያለበት።

ሰሞኑን ስለ ሃይድሮጂን ሳነብ አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ባዮማስ ወይም ከሰል የቀለጠ ብረት ውስጥ ሲገባ በቅጽበት ይፈራርሳል፤ ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ ይሟሟል፣ ሃይድሮጂኑ በላይ በኩል ይወጣል ይላል። እኔ ደግሞ በየሺፍቱ 1600 ዲግሪ የደረሰ ብረት ፊቴ ይንተከተካል። ብረቱም አለ፣ ሙቀቱም አለ፣ ገለፈቱም አለ። ታዲያ ምን ቀረ?

ነገሩ እውነት ነው ወይስ የኢንተርኔት ወሬ? እውነት ከሆነ የሠራው አለ? የእኛ ዓይነት ፈርነስስ ይሆናል? የሚያውቅ ካለ በቁጥር ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል። «ጥሩ ሐሳብ ነው በርታ» የሚል መልስ አልፈልግም።

አንጋፋው_ካሊቲ

ልጄ፣ ሌላው ቀርቶብህ መጀመሪያ ይህን ስማ። በእጅህ አንዲት ጆንያ ገለፈት እንኳ ፈርነሱ ውስጥ እንዳትወረውር።

እርጥብ ስክራፕ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይተሃል። የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ትንሽ ውሃ ከቀረ ብረቱን እስከ ጣሪያ ይረጨዋል። ውሃው ከብረቱ ስር ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን መጠኑ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሰፋል። ገለፈት ደረቅ ነው ስትለው እንኳ ከመቶ አሥር እጁ ውሃ ነው። ከሰሉም እንደዚያው።

ሁለተኛ፣ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት። አይሸትም፣ አይታይም። ፈርነሳችሁ አፉ ክፍት ነው። ፕላትፎርሙ ላይ የቆመው ሰው ወድቆ እስኪታይ ድረስ ማንም አያውቅም። ሃይድሮጂኑ ደግሞ አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ድረስ ሲደባለቅ ይፈነዳል። ከዚህ የሰፋ የሚፈነዳበት መጠን ያለው ጋዝ ብዙ አላውቅም።

የኬሚስትሪውን ነገር የተማሩት ይንገሩህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ላድል (የቀለጠ ብረት መያዣ ባልዲ) ስር ስለኖርኩ ነው የምለፈልፈው።

ሉሌኦ_ያለችው

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔም ከእሳቸው ጀምሬ ልቀጥል።

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ አንድ ማቅለጫ ውስጥ ነው። አሁን ሰሜን ስዊድን ሉሌኦ ነው ያለሁት፣ ሙያዬ ያው ብረት ነው። ያነሳኸው ጉዳይ ከዚህች ከተማ ጋር ስለሚገናኝ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ወሬ አይደለም፣ ተሠርቷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጃፓኑ ሱሚቶሞ ከሰልና ኦክሲጅን ከላይ በቧንቧ የቀለጠ ብረት ውስጥ እየነፋ ጋዝ አምርቷል። በኋላ አሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ኤንቪሬስ የሚባል ኩባንያ ሃይሜልት ብሎ የሰየመውን ዘዴ ይዞ መጣ። አንተ ያነበብከው የዚህን ዓይነቱን ይመስለኛል። ሙከራው የተደረገው እዚህ ሉሌኦ፣ ሜፎስ ይባል በነበረው የብረታ ብረት ምርምር ማዕከል ውስጥ ነው። ዘዴው ሁለት እርምጃ አለው። አንዱ ዕቃ ውስጥ ከሰሉ ወይም ሌላ ካርቦንና ሃይድሮጂን ያለበት ነገር ያለ አየር ብረቱ ውስጥ ይገባል፣ ሃይድሮጂን የበዛበት ጋዝ ይወጣል፣ ካርቦኑ ብረቱ ውስጥ ይቀራል። ሌላው ዕቃ ውስጥ ኦክሲጅን ይነፋል፣ የሟሟው ካርቦን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል፣ ብረቱም መልሶ ይሞቃል። ሁለቱ ጋዞች አይቀላቀሉም። የጥበቡ ልብ እዚህ ላይ ነው።

ለምን ብረት? ምክንያቱም የቀለጠ ብረት ካርቦን እንደ ሻይ ስኳር ያሟሟል። ከመቶ አራት እጅ ገደማ ይወስዳል። ካርቦን ሲገባበት የመቅለጫ ነጥቡም ከ1538 ወደ 1150 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። በዚያ ሙቀት ታር የሚባለው ዝልግልግ ጥቁር ነገር ጨርሶ አይተርፍም። የባዮማስ ጋዝ የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ይቀናል። ቧንቧ የሚደፍነው፣ ሞተር የሚያጣብቀው እሱ ነውና። የከሰሉን ድኝም ብረቱ ይይዘዋል፣ ኖራ ከተጨመረ ወደ ስላጉ (ብረቱ ላይ ወደሚንሳፈፈው ቆሻሻ) ያልፋል።

አሁን ወደ ጠየቅከው ቁጥር። የምሰጥህ የእኔ የእጅ ስሌት ነው፣ ኪሳራ አልቆጠርኩም።

መቶ ኪሎ ደረቅ ገለፈት ውስጥ በግምት 50 ኪሎ ካርቦን፣ 6 ኪሎ ሃይድሮጂን፣ 40 ኪሎ ኦክሲጅን አለ። ብዙ ሰው የሚረሳው ኦክሲጅኑን ነው። 40 ኪሎው ኦክሲጅን 30 ኪሎ ካርቦን ይዞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከገለፈት ንጹህ ሃይድሮጂን አትጠብቅ። በመጠን ሲለካ ከመቶ 55 እጅ ሃይድሮጂን፣ 45 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚመጣው። ብረቱ ውስጥ የሚቀረው ካርቦን 20 ኪሎ ብቻ ነው።

ጥሩ ከሰል ሌላ ነው። 75 ኪሎ ካርቦን፣ 5 ኪሎ ሃይድሮጂን፣ 10 ኪሎ ኦክሲጅን ብንል፣ ጋዙ ከመቶ 80 እጁ ሃይድሮጂን ይሆናል። ግን 67 ኪሎ ያህል ካርቦን ብረቱ ላይ ተጭኖ ይቀራል።

አንድ ቶን ብረት ካርቦኑ ከ1 በመቶ ተነስቶ 4 በመቶ እስኪደርስ 30 ኪሎ ይወስዳል። ከሰል ከሆነ 45 ኪሎ ገደማ ስታስገባ ሞላ ማለት ነው። ከዚያ የምታገኘው ሃይድሮጂን 2 ኪሎ ከምናምን ነው። ገለፈት ከሆነ 150 ኪሎ ያስገባሃል፣ 9 ኪሎ ሃይድሮጂንና 105 ኪሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጥሃል። ካርቦን ሞኖክሳይዱን በሌላ ክፍል ከእንፋሎት ጋር ብታገናኘው ተጨማሪ 7 ኪሎ ያህል ሃይድሮጂን ይወጣዋል።

ይህን ስታይ ገለፈቱ ያሸነፈ ይመስልሃል። ችግሩ ሙቀቱ ላይ ነው። ያ 150 ኪሎ ገለፈት ተፈራርሶ፣ ጋዙም 1500 ዲግሪ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ከብረቱ ወደ 300 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጣል። አንድ ቶን ስክራፕ ለማቅለጥ የምታወጡት 550 ወይም 600 ኪሎዋት ሰዓት መሆኑን አስታውስ። ግማሹን ገለፈቱ ወሰደው። ብረቱ ውስጥ የቀረውን 30 ኪሎ ካርቦን በኦክሲጅን ብታነደው የሚመልሰው 75 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ሒሳቡ አይዘጋም። በኤሌክትሪክ ካልደጎምከው ብረቱ ይረጋብሃል።

ከሰሉ ግን ይዘጋል። 45 ኪሎው ከሰል ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ በለጥ ያለ ሙቀት ይወስዳል፣ ካርቦኑ ሲነድ 75ቱን ይመልሳል። የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ ግን ይተርፋል።

ከሰልና ባዮማስ አብረው የሚነሱት ለዚህ ነው። ከሰሉ ሙቀቱን ይከፍላል፣ ገለፈቱ ጋዙን ያበዛል። በእኔ ስሌት ለአንድ እጅ ገለፈት ወደ ሦስት እጅ የሚጠጋ ከሰል ያስፈልጋል። የሙቀት ኪሳራና የአገራችን ከሰል አመድ ሲጨመርበት ከዚያም በላይ። እንግዲህ ዋናው ማገዶ ከሰል ከሆነ «አረንጓዴ ሃይድሮጂን» የሚለውን ስም እርሳው። ከከሰል በሚመረት አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

ስለ ፈርነሳችሁ አጭር መልስ፦ አይሆንም። ላይኒንጉ (የውስጥ ሽፋኑ) ሲሊካ ከሆነ ካርቦን የጠገበና የጋለ ብረት ሲሊካውን ራሱን ይበላዋል። ኦክሲጅን ስትነፋ የሚፈጠረው የብረት ኦክሳይድ ደግሞ ከሌላ በኩል ይጨርሰዋል። የቡና ገለፈት አመድ ፖታሺየም ይበዛበታል። ፖታሺየም በዚያ ሙቀት ተንኖ ከጋዙ ጋር ይወጣና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይለጠፋል፣ ጡቡንም ያፈርሳል። የትልልቅ ማዕድን ማቅለጫ ሰዎች ፖታሺየምን እንደ ጠላት ነው የሚያዩት። በዚያ ላይ ድኝ የገባበት ብረት ለፌሮ አይሆንም፣ ሮሊንግ ላይ ይሰነጠቃል። ሃይድሮጂን የጠገበውም ቢሌቱ ላይ ቀዳዳ ይሆናል፣ ይህን ዝናብ በመታው ስክራፕ ጊዜ ታውቀዋለህ።

የምድጃ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አይዞዎት፣ አልወረውርም።

እህቴ፣ እንዲህ ያለ መልስ ነበር የፈለግኩት። ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ልጨምር። ጋዝ በቀለጠ ቆርቆሮ ወይም በኒኬልና በቢስመዝ ውስጥ አሳልፈው ሃይድሮጂን አወጡ የሚልም አይቻለሁ። በዚያ በኩልስ መንገድ አይኖርም? ደግሞ ሳይቀልጥ ብረት ላይ እንፋሎት ብቻ በማሳለፍ ይሆናል የሚል ሰው ሰምቻለሁ።

ግድብ_ወዳጅ

ጣልቃ ልግባ። ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? 5150 ሜጋዋት ግድብ ያለው አገር ሃይድሮጂን ከፈለገ ውሃ በኤሌክትሪክ ይሰንጥቃ! ኖርዌዮች ሩካን ላይ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፏፏቴ ኃይል ሃይድሮጂን እያመረቱ ማዳበሪያ ሠርተዋል። ግብፆችም አስዋን ላይ ኪማ የተባለውን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲከፍቱ የተጠቀሙት በአባይ ውሃ የመነጨ ኤሌክትሪክ ነው። በእኛው ውሃ! ያዩ ላይ ግን ከከሰል ጋዝ ዩሪያ እናወጣለን ተብሎ ስንት ገንዘብ ፈስሶ ፋብሪካው ሳያልቅ ቀረ። ዙሪያው የዱር ቡና ደን ነው፣ ዩኔስኮ የመዘገበው። አሁንም ከሰል ከሰል ትላላችሁ።

ሉሌኦ_ያለችው

ግድብ_ወዳጅ፣ በንጹህ ሃይድሮጂን ጉዳይ ከአንተ ጋር ነኝ። እዚህ ሉሌኦ ሃይብሪት የሚባለው ፕሮጀክት የብረት ማዕድንን በሃይድሮጂን የሚያጣራ የሙከራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 ከፍቷል። ያ ሃይድሮጂን ከከሰል አይመጣም፣ ከውሃና ከኤሌክትሪክ ነው። የቀለጠ ብረቱ ዘዴ የተሞከረበት ከተማ ውስጥ መሆኑ ራሱ ይናገራል። ግን ኪማን ስትጠቅስ ጨርሰው። ኋላ ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ዞሯል። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በኤሌክትሪክ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል። ያንን ኤሌክትሪክ ፈርነሱም፣ ወፍጮውም፣ የከተማው ምጣድም ይፈልገዋል። ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነጻ አይደለም።

የምድጃ ልጅ፣ ወደ አንተ ልመለስ።

ቆርቆሮው እውነት ነው፤ በ232 ዲግሪ ይቀልጣል። ጀርመኖች ካርልስሩህ ላይ የቀለጠ ቆርቆሮ ባለበት ረጅም ቱቦ ውስጥ ሚቴን ከታች አስገብተው በ1200 ዲግሪ አካባቢ ከመቶ 78 እጁን ሰንጥቀውታል። የኒኬልና ቢስመዙ ሥራ ከካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ የወጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። በ1065 ዲግሪ 95 በመቶ ደርሰዋል። ውበቱ ካርቦኑ አለመሟሟቱ ነው። ጥላሸት ሆኖ ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፣ ይገፈፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይወጣም። ግን የሚገባው ንጹህ ጋዝ ነው። ገለፈት ብታስገባ አመዱና ኦክሲጅኑ ብረቱን ያበላሹብሃል። ይህ መንገድ ለኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ ቢታሰብ ይገባኛል። ለአጎትህ ግቢ ግን አይደለም።

እንፋሎቱ ግን ወደ አንተ የሚቀርበው ነው። ዘዴው በጣም አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ ውሃን የሰነጠቀው የጋለ የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ እያሳለፈ ነበር። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1794 ፍሌሩስ ጦርነት ላይ የሰቀሉት ባሉን የተሞላው በዚሁ መንገድ በተገኘ ሃይድሮጂን ነው። የጋለ ብረት ላይ እንፋሎት ታሳልፋለህ፣ ብረቱ ኦክሲጅኑን ይወስዳል፣ ሃይድሮጂኑ ይለቀቃል። ለአንድ ኪሎ ሃይድሮጂን በስሌት 21 ኪሎ ብረት ይበቃል። ምንም መቅለጥ አያስፈልግም፣ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ይበቃል። የሚወጣው ሃይድሮጂንና የተረፈ እንፋሎት ብቻ ስለሆነ አቀዝቅዘህ ውሃውን ትለያለህ። ዝገት የሆነውን ብረት ደግሞ ከገለፈት በሚወጣ ጋዝ መልሰህ ወደ ብረትነት ትቀይረዋለህ። ዑደት ነው።

የዝገቱን ምንጭ ደግሞ አንተው ረግጠኸው ትሄዳለህ። ከሮሊንጉ ስር የሚረግፈው ስኬል ብረት ኦክሳይድ ነው።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሃይድሮጂኑን ለማን ልትሸጠው ነው? ጅማ የሚገዛህ የለም። ዱከምም ቢሆን። ለማጓጓዝ በከፍተኛ ግፊት መጨመቅ አለበት፣ ያ ሌላ ወጪ ነው። በመልእክትህ ውስጥ እውነተኛ ገበያ ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከባድ ጥቁር ናፍጣ የሚጠጣው ማሞቂያ። እሱ ንጹህ ሃይድሮጂን አይፈልግም። ነበልባል ነው የሚፈልገው። ገለፈቱን በተራ ጋዝ ማውጫ ምድጃ አቃጥለህ የሚወጣውን የካርቦን ሞኖክሳይድና የሃይድሮጂን ቅልቅል ሳይቀዘቅዝ ወደ ማሞቂያው ብትመራው ታሩም አብሮ ይነድልሃል። የቀለጠ ብረት ትልቁ ጥቅም ታርን ማጥፋቱ ነበር። እዚህ ታር ችግር ካልሆነ ያን ሁሉ ውድ ዕቃ ምን ልታደርግበት ነው?

ትራንስፖርቱን ግን አስላ። ከጅማ ዱከም ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገለፈት ቀላልና ሰፊ ነው፣ መኪናው በክብደት ሳይሞላ በቦታ ይሞላል። እዚያው ተጨምቆ ካልመጣ የነዳጁን ትርፍ መንገዱ ይበላዋል።

አንጋፋው_ካሊቲ

አሁን ሰው የሚሠራው ነገር መጣ። ጋዙ ወደ ማሞቂያው ሲሄድ ግን በርነሩን እንደ ናፍጣው እንዳታዩት። የነበልባሉ ሙቀት ያንሳል፣ የጋዙ መጠን ይበዛል። ቧንቧው ሰፋ ማለት አለበት። አየሩም ቀድሞ ካልሞቀ ቢሌቱ 1150 እና 1200 ዲግሪ ላይ ቶሎ አይደርስልህም። እሳቱ ሲጠፋ ጋዙ ምድጃው ውስጥ እንዳይጠራቀም የሚዘጋ ቫልቭ፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል፣ እነዚህ ሳይኖሩ አንድም ሰው አጠገቡ አይቁም።

የምድጃ_ልጅ

ገባኝ። የማሞቂያውን ነገር ለሽፍት ኃላፊዬ አወራዋለሁ፣ ናፍጣ ሲባል ጆሮው ቀና ይላል።

የስኬሉ ነገር ግን ከልቤ አልወጣም። ለንግድ ሳይሆን ለማየት ያህል። ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፣ ቱቦ ምድጃም ናይትሮጂንም አላቸው። ስኬል ይዤለት ብሄድ ምን ላስጠንቅቀው?

ሉሌኦ_ያለችው

ላብራቶሪ ውስጥ፣ በጥቂት ግራም፣ ጭስ መሳቢያ ስር ከሆነ ጥሩ ነው።

ጋዝ ከመቀየሩ በፊት ሁልጊዜ ቱቦውን በናይትሮጂን ይጠረግ። አየርና ሃይድሮጂን ቱቦው ውስጥ እንዳይገናኙ። ስኬሉን በገለፈት ከሰል ወይም ጋዝ ሲመልሰው ከልክ በላይ እንዳይቆይ። ከቆየ ብረቱ ላይ ካርቦን ይቀመጣል። ከዚያ እንፋሎት ሲያሳልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይወጣና «ሃይድሮጂኔ ንጹህ ነው» ማለት አይችልም። የጋዝ መለኪያ ካላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ይህን ይሁን። ብረቱ ደግሞ በየዙሩ እየተጣበቀ ይሄዳል፣ ቀዳዳው ይዘጋል፣ የሚሰጠው ሃይድሮጂንም ይቀንሳል። ትንሽ አሉሚና ቢቀላቅልበት ይረዳዋል።

ስኬሉን ከውሃ ገንዳው አትውሰድ። እዚያ የሚወርደው ደቃቁና ዘይት የጠጣው ነው። ከማሞቂያው መውጫ በር ስር የሚረግፈውን ሸካራውን ሰብስብ። እሱንም ቢሆን ወደ ቱቦው ከመግባቱ በፊት አየር ላይ 500 ዲግሪ አካባቢ ያቃጥለው፣ የቀረ ዘይት ካለ እዚያው ይጥፋ።